ያልጠጣው እንጨት

ለወንድም ጋሼ፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? አንገትህ እንዴት ነው? ብርድ ሲነካህ በግራ በኩል ይይዝህ የነበረውን ማለቴ ነው። ቀና ብለህ መሥራት ከተውክ አሥራ አራት ዓመት ስለሆነህ ምናልባት ተሽሎህ ይሆናል። ከተሻለህ ደስ ይለኛል። እኔን አሁን በሁለቱም በኩል ይይዘኛል፤ ያንተንም ድርሻ የወሰድኩት ይመስለኛል።

እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልህ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ጠዋት ተነሥቼ ሥራ እገባለሁ ማለቴ ነው። ከዚያ ያለፈውን ራሴን አልጠየቅኩትም።  ጽሕፈቴ ከድሮው አምሯል። ዶሮ የጫረው ይመስላል እያልክ ትስቅብኝ የነበረውን አስታውሰህ አሁን ፍረድ።

አድራሻዬን ከየት አገኘችው እንዳትል፤ ጎረቤታችን አናጢው ናቸው የሰጡኝ። በየዓመቱ እንደምትጽፍላቸው አላውቅም ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ያንተ ወሬ ከቤታችን አራት በር አልፎ ተቀምጦ ሳለ እኔ ሳልሰማ ኖሬአለሁ። ዳቦ ቤት እንደምትሠራ ነገሩኝ። ታዲያ አሁንም እጅህ ነጭ ነው ማለት ነው። ጄሶ እንደገና ነክተህ እንደማታውቅም ነገሩኝ።

አሁን የምጽፍልህን መጀመሪያ ላይ መጻፍ ነበረብኝ፤ ግን ሰላምታ ሳላቀርብ መርዶ መጻፍ አልሆንልሽ አለኝ። ወንድም ጋሼ፣ አባዬ ሞቷል። ዛሬ ሃያ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሐኪሙ ልቡ ነው አለ። ጠዋት ደህና ነበር፣ ከሰዓት ስመለስ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አገኘሁት። አልተሠቃየም ይሉኛል፤ እኔም ለሚጠይቀኝ እንደዚያ እላለሁ። በወረቀት ስላረዳሁህ ይቅር በለኝ።

አላለቀስኩም። ሊያስተዛዝኑኝ የመጡት ሁሉ “ምነው ዋጥ አደረግሽው፣ አውጪው እንጂ” ይሉኛል። የማወጣው ነገር የት እንዳለ ቢያሳዩኝ አወጣው ነበር። በአራተኛው ቀን ሥራ ገባሁ። ሰው አይቶኝ “ጠንካራ ናት” አለ። አንተ ብታየኝ ሌላ ነገር ትላለህ። ከእንጨት ርብራቡ የለቀቀ የጄሶ ኮርኒስ ከታች ሲያዩት ከደህናው አይለይም፤ በጣት አጥንት ሲያንኳኩት ነው ባዶነቱ የሚሰማው። እኔን እስካሁን ያንኳኳኝ የለም።

ስለ ሥራዬ ልንገርህ። የድሮውን የንባብ አዳራሽ ኮርኒስ እየጠገንኩ ነው። አዎ፣ እሱኑ። ሥራው የመጣልኝ አባዬ በሕይወት ሳለ ነው። ለእሱ ስነግረው ፊቱ ላይ ምንም አልተለወጠም። “የምሥራቁን ጥግ መጨረሻ አድርጊው” አለኝና ሾርባውን መጠጣት ቀጠለ።

አዳራሹ እንደተውከው ነው። ረጃጅሞቹ መስኮቶች አሉ፣ የሚንጫጫው ወለል አለ፣ ዘበኛው ብቻ ተቀይሯል። አፍንጫዋ የተሸረፈው የጄሶ መልአክ፣ አክስታችንን ትመስላለች የምትላት፣ እሷም አለች። አፍንጫዋን ሠራሁላት። አሁን ማንንም አትመስልም። በቀን አንዲት ካሬ ያህል ነው የምሄደው፤ አንኳኳለሁ፣ ድፍኑን እተወዋለሁ፣ የጮኸውን በጠመኔ እከብበዋለሁ። ከዚያ ጣሪያና ኮርኒሱ መሐል ገብቼ በሆዴ እየተሳብኩ አቧራውን በብሩሽ እጠርጋለሁ፤ ማጣበቂያውን ከላይ በሲሪንጅ ጠብ ጠብ አደርጋለሁ፤ ከታች ጥጥ የለበሰ ሳንቃ ደግፌ እስኪጨብጥ እጠብቃለሁ። ዘመናዊ ነገር ገብቷል፤ ብታየው ትስቃለህ። መጠበቁ ግን እንደ ድሮው ነው። የምጠርግበት ብሩሽ ያንተ ነው። ትተህ ከሄድካቸው ሁለት ብሩሾች አንዱ ነው፤ ፀጉሩ አልቆ ሁለት ጊዜ አስተክዬዋለሁ፣ እጀታው ግን ያው ነው።

አባዬ በመጨረሻው ዓመት ከአልጋው አልወረደም ማለት ይቻላል። ጠዋት ቁርሱን አቅርቤለት ልወጣ በሩን ስይዝ አንዲት ጥያቄ ነበረችው። “አጠጥተሻል?” ይለኛል፤ ጄሶ ከመለጠፌ በፊት ርብራቡን ውኃ ማጠጣቴን ነው። ይህን ጥያቄ አንተ ከሄድክ ጀምሮ አንድም ቀን ሳይዘል ጠይቆኛል። አብረን ስንሠራ መወጣጫው ላይ ሆኖ፣ ጉልበቱ ሲደክም ከታች ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ በኋላም ከአልጋው። እኔ የሙያ ጭቅጭቅ ይመስለኝ ነበር። ሰው ሃምሳ ዓመት አንድ ሥራ ከሠራ መጨረሻው ላይ አንዲት ቃል ብቻ ትቀረዋለች እያልኩ ለራሴ እቀልድ ነበር።

የሞተ ዕለት ጠዋትም ጠየቀኝ። ያን ቀን ወረቀት ላስፈርም ወደ ቢሮ ነበር የምሄደው፤ የሚጠጣም የሚለጠፍም ነገር አልነበረም። ለማስረዳት ሰነፍኩና “አዎ አባዬ” አልኩት። “ጠግቧል?” አለኝ። “ጠግቧል” አልኩት። ከእሱ ጋር የተነጋገርነው የመጨረሻ ነገር ይኸው ነው።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። እንዳስረዘምኩት አውቃለሁ፤ የማይጣፍጥ ወሬ ያላት ሴት ሰላምታ ታበዛለች።

ከቀብሩ አሥር ቀን በኋላ ጥገናውን የምትቆጣጠረው መሐንዲሷ ሰኞ የምሥራቁን ጥግ እንክፈተው አለችኝ። ኮርኒሱ በወደቀ ጊዜ የተመታበት ኮምፔንሳቶ እስካሁን እዚያው ነበር፤ አሥራ አራት ዓመት ሰው ከሥሩ ሲያነብ ኖሯል። ለጥጉ ቅጠል የምንላት ያቺ ቀጭን መሣሪያ አስፈለገችኝ፤ ስለዚህ የአባዬን ሳጥን ከፈትኩ። የላይኛውን ክፍል ድሮም እነካው ነበር። የታችኛውን ግን ከፍቼው አላውቅም፤ እሱም አያስነካኝም ነበር። ቅጠል እዚያ አልነበረችም። በጋዜጣ የተጠቀለለ፣ በሲባጎ የታሰረ ነገር ነበር።

ሁለት መዳፍ የሚያህል የጄሶ ስባሪ ነው። ፊቱ ላይ የወይን ቅጠል ግማሽ አለበት፤ ያ ከመስኮቱ በላይ የሠራነው ሐረግ ነው፣ አይቼ አልሳትኩትም። ገልብጬ ጀርባውን አየሁት። ልሙጥ ነው። በርብራቡ መሐል ሾልኮ እንጨቱን ከላይ የሚጨብጠው፣ እኛ ቤት ጥፍር የምንለው፣ አንድም የለውም። እንጨቱ ላይ ተደግፎ ኖረ እንጂ አልጨበጠም። ደረቅ እንጨት ላይ የተለጠፈ ጄሶ እንደዚያ እንደሚሆን ያስተማርከኝ አንተ ነህ። እንጨቱ ካልጠጣ የጄሶውን ውኃ ይመጠዋል፤ ጄሶው ደግሞ ሳይዝ ይደርቃል።

ስባሪውን እንደገና ወደ ፊቱ ገለበጥኩት። ጫፉ ላይ የላዩ ልባስ የለም፣ የመጀመሪያው ልባስ ይታያል። በራሱ አልረገፈም፤ በቢላ ቀስ ተብሎ ተፍቋል፣ የቢላው መስመር ይቆጠራል። የተፋቀው ቦታ ላይ የጣት ምልክት አለ።

የቤታችንን ወግ አልረሳኸውም። የመጀመሪያው ልባስ ሳይደርቅ የሠራው ሰው ጣቱን ያሳርፍበታል፤ በማግሥቱ በሁለተኛው ይሸፈናል፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አያየውም። አባዬ አውራ ጣቱን። አንተ ሁለት ጣትህን አጣምረህ። እኔ ትንሿን፤ የመጀመሪያ ቀኔ “ትልቋን የምታሳርፊው ስታድጊ ነው” ብለኸኝ፣ ሳድግም ሳልቀይር ቀረሁ።

ትንሿ ጣት ነበረች። ጣቴን አስገባሁባት። ትንሽ ጠበበችኝ።

ጋዜጣውን ልጥል ስል ቀኑን አየሁት። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንተ ከቤት ከወጣህ ዘጠነኛው ቀን ነው። አባዬ ጣቴን ያኔውኑ አይቷት ነበር ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ የምጽፈውን አንተ ታውቀዋለህ። እኔ ግን ለማንም ተናግሬው ስለማላውቅ፣ ከመጀመሪያው ጀምሬ ካልሄድኩ አይወጣልኝም። ታገሠኝ።

ሐሙስ ነበር። ጄሶ አልቆብን አንተ ልታመጣ ወረድክ። “ርብራቡን አጠጪው፣ ስመጣ አብረን እንለጥፈዋለን” አልከኝ። መኪናው ዘገየብህ መሰለኝ ቆየህ። ማዳበሪያው ሥር የቀረችው ጄሶ ለዚያች ጥግ ትበቃለች ብዬ ገመትኩ። ስትመለስ አልቆ ብታገኘው ምን ትል ይሆን እያልኩ ነው የተነሣሁት፤ ሌላ ክፋት አልነበረኝም። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ ያልቻልኩት ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። ባልዲው ውስጥ በጠበጥኩት። ከበጠበጥኩት በኋላ ቀና ስል ነው ርብራቡ ደርቆ አመድ እንደመሰለ ያየሁት።

ጄሶ ሰው አይጠብቅም ይል የለ አባዬ። እንጨት ጠጥቶ እስኪጠግብ ግማሽ ሰዓት ይፈልጋል፤ ባልዲው ግን ሩብ ሰዓትም አይሰጥም። ወይ መድፋት ነበረብኝ፣ ወይ መለጠፍ። ብደፋው የመጨረሻውን ጄሶ አበላሸች ትለኛለህ። ለጠፍኩት። ጣቴን አሳረፍኩበት። ያምር ነበር ወንድም ጋሼ፤ እውነቴን ነው፣ እስከ ዛሬ እንደዚያ ልሙጥ አድርጌ የለጠፍኩ አይመስለኝም።

ማዳበሪያውን ተሸክመህ መጣህ፣ ቀና ብለህ አየኸው፣ ላብህን በክንድህ ጠረግክ። “አጠጥተሽዋል?” አልከኝ።

“አዎ” አልኩህ።

“ጉንዳኔ፣ አሁን ሰው ሆንሽ” ብለህ ጄሶ በነካው እጅህ ራሴን ዳበስከኝ። ማታ ፀጉሬን ለማጠብ ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ። በማግሥቱ ሁለተኛውን ልባስ አንተ አለበስከው፤ ጣቴንም የሸፈንካት አንተ ነህ።

ሦስት ወር ቆየ። ሦስት ወር ከመስኮቱ በላይ ተደግፎ ቆየና አንድ ቀን ረፋዱ ላይ፣ አናጢው መደርደሪያ ሲያስተካክሉ ወረደባቸው። ዳሌያቸው ተሰበረ። በሳንቃ ተሸክመው ሲያወጧቸው አንተም አባዬም ከፊትና ከኋላ ይዛችሁ ነበር። እኔ በሩን ይዤ ቆሜ ነበር። ሸክም እስኪያልፍ በር መያዝ ነው የሠራሁት ሥራ።

አባዬ ከሆስፒታል ሲመለስ ጫማውንም አላወለቀም። ጠረጴዛው ጋ ተቀምጦ “ያ ጥግ የማን እጅ ነው?” አለ። አንተን አየህ። ከአንተ ወደ እኔ መዞር ጀመረ፤ እኔ ጋ ሳይደርስ “የእኔ ነው” አልክ። “አጠጥተኸው ነበር?” አለህ። “አላጠጣሁትም” አልክ። እንደ ቀልድ ነው ያልከው፣ የቀኑን ሰዓት እንደሚናገር ሰው። አባዬ ከዛሬ ጀምሮ በእኔ ቤት መሣሪያ አትነካም አለህ። ውጣ አላለህም። አንተ ግን ያለ መሣሪያ እዚያ ቤት ምን ትሠራለህ? እሑድ ጠዋት በአንድ ቦርሳ ሄድክ። ስትወጣ ጉንጬን ቆንጥጠህ “አደራ፣ አጠጪ” አልከኝ። እኔ ሻይ ይዤ ተቀመጥኩ እንጂ አልተነሣሁም።

“አላውቅም ነበር” ብዬ ጀምሬ ሁለት ወረቀት ቀድጃለሁ። ይህ ሦስተኛው ነው። አውቅ ነበር። ለራሴ የነገርኩት ግን ሌላ ነው፦ በማግሥቱ ልባሱን ስታለብስ የእኔን ሥራ አፍርሶ በራሱ እጅ ሠርቶታል፣ ባይሠራው “የእኔ ነው” ለምን ይላል ብዬ ነበር። እንደዚህ እያልኩ አሥራ አራት ዓመት ተኛሁ። እንቅልፍ ይወስዳል፣ ይገርምሃል። ሆድ ይፍጀው የሚባለውን ሆዴ ሳይጠየቅ ፈጅቶት አደረ። ስባሪው ላይ ጣቴን ካስገባሁ በኋላ ነው እምቢ ያለው።

አባዬን ልጠይቀው አልችልም። እሱ ግን በየቀኑ ሲጠይቀኝ ኖሯል። በየቀኑም “አዎ” ብዬዋለሁ።

ስባሪውን በዚያው ጋዜጣ ጠቅልዬ አናጢው ቤት ወሰድኩት። አሁን በምርኩዝ ነው የሚሄዱት፤ እጃቸው ግን አልሰነፈም፣ የበርጩማ እግር ሲልጉ ነው ያገኘኋቸው። ዓይኔን በጨው አጥቤ ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳቸው። ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጥኩትን ስባሪ አንስተው ክብደቱን በእጃቸው መዘኑት። “ይህን የሚያህል ነው እንዴ? እኔ ቤት የወደቀብኝ መስሎኝ ነበር” አሉ። እኔ ግን አልሳቅኩም። ከዚያ ያኔውኑ ብትነግሪኝ ኖሮ ዳሌዬ ይድን ነበር ወይ ብለው ጠየቁኝ። አይድንም አልኩ። “እኔ የማውቀው ከላይ መምጣቱን ነው፣ የሠራውን ሰው ስም ይዞ አልወደቀም፣ እኔን ተይኝና ወደ ባለቤቱ ሂጂ” አሉኝ። ከመሳቢያቸው ደብዳቤዎችህን አወጡ። አሥራ ሦስት ናቸው። አላነበብኳቸውም፤ አድራሻህን ልቀዳ ጀርባቸውን ብቻ ነው የገለበጥኩት።

አንድ ነገር ጨመሩልኝ። አባዬ በየዓመቱ አንድ ቀን ስላንተ ሊጠይቅ ይመጣ ነበር አሉ። ይሠራል ወይ ይላቸዋል፤ ይሠራል ይሉታል። ታሞ ያውቃል ወይ ይላቸዋል፤ አያውቅም ይሉታል። አድራሻውን ልስጥህ ሲሉት “ዛሬ መነጽሬን አልያዝኩም” ይላል። አሥራ ሦስት ጊዜ መጥቶ አሥራ ሦስት ጊዜ መነጽሩን ሳይዝ ሄደ። ይህን ሲነግሩኝ መላጊያቸውን አላቆሙም ነበር። መነጽሩ እኮ ከደረት ኪሱ ተለይቶ አያውቅም፤ የቀበርነውም ከእሱ ጋር ነው።

ተቀየምኩት ወይስ አዘንኩለት? እስካሁን አልለየሁትም። አንተን መልሶ ለመጥራት እኔን ጥፋተኛ ብሎ መጥራት ነበረበት። እኔን ከጠራ ደግሞ ቤቱ ውስጥ ማን ይቀርለታል? እንዲህ እያልኩ ለእሱ ጥብቅና ስቆም ራሴን አገኘዋለሁ። ወዲያው ደግሞ አንተ ዳቦ ቤት ውስጥ ሊጥ ስትደፈጥጥ ይታየኛል፤ ያ እጅ እኮ የመልአክ ቅንድብ በአንድ ትንፋሽ የሚያወጣ ነበር። ያኔ ጥብቅናዬን እተዋለሁ።

ኮምፔንሳቶውን ሰኞ አወረድነው። ለመሥሪያ ቤቱ የምንሞላው ቅጽ አለ፤ ያለፈው ጥገና ለምን ወደቀ የሚል ቦታ አለው። “ርብራቡ ውኃ ሳይጠጣ ጄሶ ተለጠፈበት። የለጠፍኩት እኔ ነኝ” ብዬ ጻፍኩ። መሐንዲሷ አንብባ፣ ምክንያቱን ነው እንጂ ጥፋተኛውን አልጠየቅንሽም፣ ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር አውጪው አለችኝ። ጥሩ ልጅ ናት፣ ለእኔ አስባ ነው። ይቆይ አልኳት። አለቆቿ ካነበቡት በኋላ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ያሠሩኝ እንደሆነ አላውቅም። እስካሁን የመጣ ነገር የለም። ቢመጣም የምደነግጥ አይመስለኝም፤ የመደንገጫ ዕቃዬ የት እንደወደቀ ጠፍቶኛል።

አሁን የቀረው ያቺ ጥግ ብቻ ናት። ሌላው ሁሉ አልቋል፣ ተወልውሏል፣ መሐንዲሷም አንኳኩታ ተቀብላዋለች። ጥጉን ግን አልዘጋሁትም። ትሪ የሚያህል ክፍት ነው፤ ርብራቡ ይታያል፣ በመሐሉ የጣሪያው ጨለማ ይታያል። መወጣጫው የሚወርደው የወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ነው። መሐንዲሷ ምን ትጠብቂያለሽ ትለኛለች፤ እስኪደርቅ ነው እላታለሁ፤ ምኑ እንደሚደርቅ አልጠየቀችኝም። እኔማ በየጠዋቱ ወጥቼ አጠጣዋለሁ። ጄሶ ለማይለጠፍበት ቀን እንጨት ማጠጣት ጥቅም እንደሌለው አውቃለሁ። ውኃው በፊቴ ላይ ይንጠባጠባል፣ በእጅጌዬ እጠርገዋለሁ፣ እወርዳለሁ።

ወንድም ጋሼ፣ ና። ለአባዬ ብለህ ና አልልህም፤ ለእሱ ዘግይተሃል፣ ያዘገየሁህም እኔ ነኝ። ሥራህን ተው፣ ተመልሰህ እዚህ ኑር አልልህም። እሱን የመጠየቅ አፍ የለኝም። የምለምንህ አንድ ነገር ነው። ከዚያች ጥግ ሥር ቁምና ያን ሐሙስ የጠየቅከኝን ጥያቄ እንደገና ጠይቀኝ። “አላጠጣሁትም” ያልከው ቃል የእኔ ነበር፤ አንተ ነህ ከአፌ ወስደህ አባዬ ፊት የተናገርክልኝ። መልስልኝና በራሴ አፍ ልበለው። ከዚያ ከፈለግክ እንዘጋዋለን፣ ሁለት ጣትህንም ታሳርፍበታለህ። ካልፈለግክ ብቻዬን እዘጋዋለሁ።

ባትመጣም አልቀየምህም። ቅዳሜ ጠዋት እስከ አራት ሰዓት እጠብቅሃለሁ፤ ከዚያ በላይ ሠራተኞቹ አይጠብቁኝም።

ፈጣሪ አንገትህን ከብርድ፣ ክንድህን ከምድጃው እሳት ይጠብቅልህ። ያቦካኸው ይኩፍልህ። የበላው ሁሉ ይመርቅህ። ደጅህን የሚያንኳኳ ደግ ሰው ይሁን። እናታችን በሕይወት ሳለች ስትመርቀን ትለው እንደነበረው፣ ከፊትህ ብርሃን፣ ከኋላህ ወገን አይጥፋ፤ ከኋላህ መሆን ያልቻልኩት እኔ ነኝ እንጂ ምርቃቷስ ደህና ነበር።

አጠጥቼዋለሁ ብዬ የዋሸሁህ፣
ታናሽ እህትህ